የሁዳዴ ሌጦ

ሩዋይዳ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ስታደርግ ግራ ክንዷን ዘለለችው። ቀኙን እስከ ክርኗ ሦስቴ አጥባ ግራው ላይ ስትደርስ ውኃውን ጣቶቿ ላይ ብቻ አፈሰሰችና እጅጌዋን ወደ ታች ጎትታ ራሷን ወደ ማበሱ አለፈች። አክስቷ ዋሲላ ከኋላዋ ተራ ይዛ ቆማ ነበር። እናቷ ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ የነበረችውን ሩዋይዳን ውዱእ ያስተማረቻት እሷ ናት። ልጅቱ አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል፤ ቢረፍድባት እንኳ ክንድ አትዘልም። «ምን ሆኖ ነው እሱ?» አለቻት። «የሻይ ማንቆርቆሪያው ነካኝ አክስቴ፣ ትንሽ ቃጠሎ ነው።» ዋሲላ ማንቆርቆሪያውን አየችው። ሌሊት ለሱሑሩ ማዕድ ሻይ ያፈላችውም የቀዳችውም ራሷ ናት፣ ልጅቱ አጠገቡም አልደረሰች። በዚህ ቤት ብዙ ነገር የሚያልፈው እንዲህ ነው፤ አንዱ ይዋሻል፣ ሌላውን መጠየቅ ይደክመዋል። ገና አልነጋም፣ ወገቧን ያማታል፣ ቀኑም ረጅም ነው። ተራዋን ገባች።

ቤቱ ከዳንግላ ገበያ ጀርባ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ የቆርቆሮ መጋዘን። አንደኛው ክፍል የወንድሟ የዓብዱልሀሚድ ነው፣ ሁለተኛው የእሷና የልጁ የሩዋይዳ፣ መጋዘኑ ደግሞ የቆዳና የሌጦ። ሽታው ከሦስቱም አይወጣም። እንግዳ ሲመጣ በር ላይ ቆሞ ጉዳዩን ይናገርና «አልቀመጥም፣ እቸኩላለሁ» ይላል፤ ዋሲላ የማይቸኩል እንግዳ ካየች ዓመታት አልፈዋል። በደህናው ጊዜ አንድ የበግ ሌጦ መቶ ብር ያወጣ ነበር፤ በፋሲካና በአረፋ ሰሞን ሰው ሌጦውን ተሸክሞ ከበሩ እስከ አስፋልቱ ይሰለፋል። አሁን ሃያ ብር ነው፤ የሚነሰነስበት ጨው ከሌጦው ይወደዳል። ብዙ ሰው አርዶ ሌጦውን ለውሻ ይጥለዋል። ከአምስቱ የከተማው ቆዳ ነጋዴዎች አንዱ ባጃጅ ገዛ፣ አንዱ የላስቲክ ጫማ መሸጥ ያዘ፣ ሁለቱ አገር ለቀቁ። ዓብዱልሀሚድ ብቻ ቀረ። ሰው እልኸኛ ነው ይለዋል፤ እህቱ ግን ሌላ ሥራ ስለማያውቅ መሆኑን ታውቃለች። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ፣ አምስት ወር ሙሉ በሩ ላይ መኪና አልቆመም። ማክሰኞ ዕለት ግን የሞጆው ነጋዴ ደወለለት። ሐሙስ ሰባት ሰዓት ላይ አይሱዙ እልካለሁ፣ ያለህን ሁሉ አዘጋጅተህ ጠብቅ አለው። ሐሙስ ዛሬ ነው። ከዚህ ጭነት የሚገኘው ገንዘብ የሩዋይዳ የኮሌጅ መመዝገቢያ ነው፤ እንጅባራ፣ ነርስነት። ስሟ ከወጣ ወር አልፎታል፣ የምዝገባው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሟል፣ ሦስተኛ አይራዘምም።

የዋሲላ ሥራ መለየት ነው። ሌጦውን ገልብጣ የውስጡን ገጽ ታያለች፣ በመዳፏ ትዳብሰዋለች፣ ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ውዳቂ ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሠርታዋለች። ቢላዋ የበሳውን፣ እከክ የበላውን፣ ጨው ያነሰውን ዓይኗን ጨፍና በእጇ ትለየዋለች። ከሁሉ በላይ የምታውቀው ግን በጉ እንዴት እንደሞተ ነው። በጤናው የታረደ በግ ደሙ ወጥቶ ያልቃል፣ ሌጦው ውስጡ ነጣ ይላል። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ወይም ከወጣች በኋላ አንገቱ የተቆረጠ በግ ግን ደሙ ውስጡ ይቀራል፤ የደም ሥሩ ሁሉ ጠቁሮ ሌጦው ላይ ይታያል። ባለቤቱ የፈለገውን ቢምል ሌጦውን ማስዋሸት አይችልም። ዛሬ ጧት የመጋዘኑን የቀኝ ጥግ ክምር ልትለይ ጎንበስ ብላ የላይኛውን ስትገለብጥ ሥሩ ጥቁር ነበር። ቀጥሎ ያለውም ጥቁር ነው። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ ወገቧን ያዘች።

ደግሞስ በዚህ ወቅት ይህ ሁሉ ሌጦ ከየት መጣ? ይህን ራሷን መጠየቅ የነበረባት ዛሬ አልነበረም። ሁዳዴ ነው። ክርስቲያኑ ገበሬ ሁለት ወር ሙሉ ሥጋ አይቀምስም፣ ቢላዋውንም አይስልም። ሌላ ዓመት በዚህ ሰሞን ከሙስሊም ልኳንዳ ቤቱ በሳምንት አራት አምስት ሌጦ ቢመጣ ነው፤ ዋሲላም ወገቧን የምታሳርፍበት ጊዜዋ ነበር። ዘንድሮ ረመዳኑም ከሁዳዴው ጋር ገጥሞ አገሩ በሙሉ ጿሚ ሆኗል። የወንዝ ማዶው የክርስቲያን መንደር ሌጦ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ በጋሪ ሲጎርፍ ሰነበተ። ዋሲላ አይታዋለች። ጥቁሩንም ሥር አይታለች፤ አይታ ጨው ነስንሳ ከምራለች። ደክሟት ነበር። ሌላ ምክንያት ብትፈልግም አላገኘችም፣ በራሷም አፈረች።

ሦስት ሰዓት ላይ የአድማሴ ጋሪ በሩ ላይ ቆመ። አድማሴ የወንዝ ማዶ ሰው ነው፤ ከቤት ቤት እየዞረ ሌጦ ይሰበስብና ለዓብዱልሀሚድ ያመጣል። በዚያ ወገን ያለውን ሰው ሁሉ በየስሙ ያውቀዋል፣ በአዊኛ እየቀለደ በየደጁ ይቀመጣል፣ የማን ላም እንደወለደች የማን ጎተራ እንደጎደለ ሳይጠይቁት ይናገራል። ዛሬ ያመጣው ዘጠኝ ሌጦ ነበር። ዋሲላ የላይኛውን ገልብጣ አየችና መልሳ ጣለችው።

«ታርዶ ነው?»

«ታርዶ ነው እንጂ እትዬ። በክት ላመጣብዎ ኖሯል?»

«በሁዳዴ?»

አድማሴ የፈረሱን ልጓም የሚያስተካክል መስሎ ዘገየ። ውሸታም ሰው አይደለም፣ ዋሲላም ይህን ታውቃለች። «ምን ያድርጉ ብለው ነው» አለ በመጨረሻ። «በጉ ጧት ደህና ይወጣል፣ ከሰዓት ይንቀጠቀጥና ይወድቃል። ሳይሞት ቶሎ ባርከው ያርዱታል፣ በክት ከሚሆን ብለው። ሌጦውን ለእኔ ይሰጡኛል፣ ሥጋው ቋንጣ ይሆናል።»

«ቋንጣውን ማን ይበላዋል?»

«አሁንማ ማን ይነካዋል፣ ጾም አይደለም እንዴ። ለፋሲካ ነው። በየቤቱ ጨው በርበሬ ተደርጎ ከምድጃው በላይ ተሰቅሏል። ዘንድሮ በግ መግዛት የማይችለውም ቋንጣ አለው» ብሎ ፈገግ አለና ቶሎ ተወው። «ወገኔ የሚሉት ሰውዬ ሚስት ብቻ እጇ አብጦባት ተኝታለች። ሥጋውን በዘለዘለች ማግስት ነው። ምች ነው አሉና ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጧት።»

ዋሲላ ሌላ አልጠየቀችውም። ዘጠኙን ሌጦ ከሌላው ለይቶ መሬት ላይ እንዲያወርደው ነገረችውና ወደ መጋዘኑ ጀርባ ዞረች። ሩዋይዳ ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን ክምር ጨው ትነሰንሳለች። ዓብዱልሀሚድ አምና የገዛው አንድ ጥንድ ጓንት ጣቶቹ ተቀዳደው ምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ዋሲላ የልጅቱን የእጅ አንጓ ያዘችና እጅጌዋን ወደ ላይ ገለበችው። ቁስሉ ከክርኗ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ስፋቱ ከአንድ ብር ሳንቲም አይበልጥም። መሐሉ ጥቁር ነው፣ ዙሪያውን ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ እባጮች ከበውታል። ክንዷ ግን እስከ ትከሻዋ አብጦ እጅጌዋን ሞልቶታል። «ያምሻል?» ስትላት ሩዋይዳ ራሷን ነቀነቀች። «አያምም አክስቴ። ምንም አያምም፣ እሱ ነው የገረመኝ።» ቢያማት ኖሮ ዋሲላ ይህን ያህል አትፈራም ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በማያም ጥቁር ቁስል ስለሞቱ ቆዳ ሠራተኞች የምትሰማው ወሬ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣባትና የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለአባዬ እንዳትነግሪው፣ በአላህ። ጭነቱ ይውጣ ብቻ። የቀረው እኮ ግማሽ ቀን ነው።»

ዓብዱልሀሚድ ከበሩ አጠገብ የተለየውን እየቆጠረ በገመድ ያስራል። ከዋሲላ በአራት ዓመት ያንሳል፤ ፂሙ ግን ከሷ ፀጉር ቀድሞ ሸብቷል። ትዳሯ ፈርሶ በአንድ ሻንጣ ወደዚህ ግቢ ስትመጣ የትኛውን ክፍል ትፈልጊያለሽ ነበር ያላት፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ጣሪያው የማን እንደሆነ አላስታወሳትም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይቀልላት ነበር።

«ዓብዱ፣ የወንዝ ማዶው ሌጦ መሄድ የለበትም» አለችው። «በሽታ አለበት። ለእንስሳት ሐኪሙ እንንገር።»

ዓብዱልሀሚድ ቋጠሮውን ጨርሶ ሌላ ገመድ አነሳ። ከገበያው ወገን የሸቀጥ ጫኝ ሲጮህ ይሰማል። ሁለት እስር አስሮ ጨረሰ። «ከነገርን ምን ያደርጉታል?» አለ በኋላ፣ መልሱን እያወቀ። «ይዘጉታል» አለች። «ያቃጥሉታል» ብሎ አረማት። «የልኳንዳውንም፣ ደህናውንም፣ ሁሉንም ነው የሚያቃጥሉት። አምስት ወር ጠበቅሁ እትዬ። መኪናው ይሂድልኝ። ማታ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።» ማታማ ሌጦው ግማሽ አገር ያቋርጣል፣ የሚያወርደውም የሚያራግፈውም የሰው ልጅ ነው ልትለው አሰበች። አላለችውም። ምዝገባው የሚያበቃበትን ቀን እሷም ከሱ እኩል ታውቀዋለች። «ሩዋይዳን ጤና ጣቢያ ላድርሳት፣ አሟታል» አለች። ምን ሆና ነው ብሎ አልጠየቃትም። ገመዱን ሳብ አድርጎ «ቶሎ ተመለሱ» አለ፣ ፊቱን ሳይመልስ። መኪናው አስጨንቆት ነው ብላ ነጠላዋን አነሳች።

የባጃጁ ልጅ ለሁለት ሰው ስልሳ ብር አለ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ዋሲላ ሠላሳ እስኪል ቆማ ትከራከረው ነበር። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ፀሐዩ ተራ ከያዘው ሰው ጋር እየተጋፋ ጥላውን ይበላል። ካርድ ለማውጣት አንድ ሰልፍ፣ ለመታየት ሌላ ሰልፍ፤ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ስለ ዘይት ዋጋ ያወራሉ፣ አንዲት እናት ልጇን ታጠባለች፣ አንድ ሽማግሌ ኮዳ ከፍተው ውኃ ሲጠጡ የዋሲላ ጉሮሮ አብሮ ይውጣል። ሩዋይዳ ግንቡን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ላብ ግንባሯ ላይ ችፍ ብሏል። አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቁ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ ትዕግስት የምትባለው ነርስ እጅጌውን እስክትገልብ ድረስ ከጓደኛዋ ጋር ስለ ምሳ እያወራች ነበር። ከዚያ ወሬዋን አቋረጠችና በጓንቷ ላይ ሌላ ጓንት ደረበች።

«ሥራሽ ምንድን ነው እህቴ?»

«ተማሪ ነኝ» አለች ሩዋይዳ ቶሎ ብላ።

ውሸት አይደለም፤ ስሟ ኮሌጁ በር ላይ ተለጥፏል። ዋሲላ እዚያው ላይ ዝም ልትል ትችል ነበር። ነርሷ ቅባትና ክኒን ትሰጣለች፣ እነሱም ጭነቱ ሳይወጣ ይመለሳሉ፣ መጋዘኑ ይተርፋል፣ ልጅቱ ትመዘገባለች። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አስባው ስታበቃ የሩዋይዳን ክንድ አየች። የሚያምር የልጅ ክንድ ነበር። «ቆዳ ነው የምንሠራው» አለች። «የበግ ሌጦ። በበሽታ የወደቀ በግ ሌጦ በባዶ እጇ ጨው ስትነሰንስ ነው የሰነበተችው።» ከአፏ ከወጣ በኋላ ቀላል ነበር፤ እንዲያውም የጧቱ የወገብ ሕመም ትንሽ ተዋት። ከዚያ በኋላ ሁሉም በፍጥነት ሆነ። ሐኪም ተጠራ፣ ሩዋይዳ ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት፣ መርፌና ግሉኮስ ተሰካላት። ውኃ በብዛት ጠጪ፣ ምግብም ብዪ ሲሏት ነው ያለቀሰችው። ለክንዷ አላለቀሰችም፣ ለጾሟ አለቀሰች። ዋሲላ «ለታመመ ተፈቅዷል፣ በኋላ ቀኑን ጾመሽ ቀዷ ታወጫለሽ» እያለች ብርጭቆውን አፏ ላይ ያዘችላት።

ትዕግስት የደወለችለት የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። ይሄነው ይባላል፤ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው፣ የሞተሩ ቤንዚን ስላለቀ በእግሩ ነው የመጣው። ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ አቧራ ነው። የሩዋይዳን ክንድ በበሩ በኩል አይቶ መጣና ኮሪደሩ ላይ ከዋሲላ ጎን ተቀመጠ። «አባ ሰንጋ ይመስለኛል» አለ። «በግ ላይ በዚህ ብዛት አይቼው ስለማላውቅ ግን ናሙናው ሳይታይ አልምልም፤ ሌላ አዲስ ነገርም ሊሆን ይችላል። ከየት የመጣ ሌጦ ነው እናቴ?» ወንዝ ማዶ ስትለው ሻንጣውን ከፍቶ ወረቀት አወጣ። በየሳምንቱ የሚልከው ሪፖርት ነው፤ ከወንዝ ማዶ ትይዩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ዜሮ ተጽፏል። በግ እየወደቀ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ ባለፈው ሳምንት ራሱ አሥራ ስድስት ቤት ዞሯል። ቅጹ ላይ ያለውን ጥያቄ ወደ አዊኛ እየተረጎመ አንድ በአንድ ጠይቋል፤ የሞተ በግ አላችሁ ወይ፣ የታመመ እንስሳ ሥጋ በልታችኋል ወይ። ሁሉም በአንድ አፍ የለም ብለውታል። «በክት በላሁ ብሎ የሚያምን ሰው እንደማይገኝ አውቃለሁ» አለ ዓይኑን እያሸ። «ዋሽተውኛል።»

«አልዋሹህም» አለች ዋሲላ። «ሳይሞት ያርዱታል፣ ስለዚህ የሞተ የለም። ሥጋውንም አልበሉትም። በሁዳዴ ማን ሥጋ ይበላል? ቋንጣ አድርገው ሰቅለውታል፣ ፋሲካን ነው የሚጠብቁት። በላችሁ ወይ ብለህ አትጠይቃቸው ልጄ። ምን ሰቅላችኋል በላቸው።»

ይሄነው ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ እንደዘረጋ ቆየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ እስከ ፋሲካ ያለውን ቀን እየቆጠረ ነበር። «ሃያ አራት ቀን» አለ። «ገና አልበሉትም ማለት ነው። ገና አልበሉትም!» ወዲያው በድምፁ አፈረ፤ በሩ ማዶ ልጅ ተኝታለች። ነገ በጧት ከጤና ባለሙያዎቹ ጋር እንደሚሄድ፣ ቄሱን ይዞ ከቤት ቤት እንደሚዞር፣ ዋሲላ ታማለች ያለችውን የወገኔን ሚስት ግን ዛሬውኑ የሚያመጣት ሰው እንደሚልክ በፍጥነት ነገራት። ደሀ ሰው ለፋሲካ የሰቀለውን ቋንጣ አውርዶ ይቀብራል ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ዋሲላ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያየች ነበር። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። «ሌጦው መኪና ላይ ነው» አለችው።

ሲደርሱ መኪናው ሄዷል። መጋዘኑ ባዶውን ሲያዩት ሰፊ ነበር፤ መሬቱ ተጠርጎ ጨውና ፀጉር ጥግ ላይ ተከምሯል፣ አድማሴ ያመጣቸው ዘጠኙም የሉም። ዓብዱልሀሚድ በሩ ላይ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። አምስት ወር የጠበቀው ነገር የሆነለት ሰው አይመስልም። ይሄነው ሰላምታ ሰጥቶ ማንነቱን ነገረውና የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር ጠየቀው። «ሁሉም ታርዶ ነው» አለ ዓብዱልሀሚድ። ይሄነው ደግሞ ጠየቀው። ዓብዱልሀሚድ እጆቹን አየ። ዋሲላ በወንድሟና በባለሙያው መሐል ቆመች፤ ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው፣ ምላሷ ደርቆ ላንቃዋ ላይ ተጣብቋል።

«ሩዋይዳን አስተኝተዋታል» አለችው። «ግሉኮስ ተሰክቶላታል። እብጠቱ አንገቷን ከያዘው ባሕር ዳር እንልካታለን ብለዋል። አትተርፍም አላሉም፣ ትድናለችም አላሉም።»

ዓብዱልሀሚድ ብድግ አለ፤ የሚሄድበት የጠፋው ይመስል መልሶ ተቀመጠ። ከዚያ ሰሌዳውን ከነኮዱ በቃሉ ተናገረ። የሾፌሩን ስልክ ቁጥርም፣ የረዳቱንም፣ የሞጆውን ነጋዴም አንዱን ከሌላው ሳያምታታ ተናገረ። ይሄነው ወደ አስፋልቱ ወጥቶ ኔትወርክ እያሰሰ እንጅባራ ዞን ደወለ፤ በሦስተኛው ገባለት። እህትና ወንድም ጎን ለጎን ተቀምጠው ድምፁን ይሰማሉ፣ ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ ሲደግም፣ ኬላ ሲል፣ ማንም እንዳይነካው ሲል። ዋሲላ ወንድሟ እንዲቆጣት ጠበቀች። ቢቆጣት፣ ውጪልኝ ቢላት የምትመልሰው ነበራት። እሱ ግን አልተቆጣትም። ከሩብ ሰዓት በኋላ ይሄነው ተመለሰ። መኪናው እንጅባራ መውጫ ላይ ተይዟል፤ ሌጦው ነገ ጉድጓድ ተቆፍሮለት ይቃጠላል፣ መጋዘኑም እስኪረጭ ይታሸጋል አለ። ዓብዱልሀሚድ ራሱን ነቀነቀ። ስለ ምዝገባው ማንም አላነሳም።

ይሄነው የበሩ ደፍ ላይ ተቀምጦ የሩዋይዳን ቅጽ ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ደክሞታል፣ ግን ዛሬውኑ ካልተላከ ዋጋ የለውም አለ፤ ቀኑ በትክክል ሲጻፍ ነው በሽታው ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ የሚታወቀው። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ ሞላ። ጥቁር ሥር ያለው ሌጦ መጀመሪያ የታየው መቼ እንደሆነ ሲጠይቅ ዋሲላ «ሦስት ሳምንት ይሆነዋል። ያየሁት እኔ ነኝ» አለች። ቀና ብሎ ሳያያት ጻፈው፤ ለዚያ ልቧ አመሰገነው። ቁስሉ የጀመራት እሑድ እንደሆነ ልጅቱ ለነርሷ ነግራታለች፣ ጻፈው። ከዚያ «ቤተሰብ ቁስሉን መጀመሪያ ያየበት ቀን?» አለ።

«ዛሬ ነው» አለች ዋሲላ። «ዛሬ ጧት፣ እጅጌዋን ገልቤ።»

ይሄነው ሐሙስ ብሎ ጻፈ።

«አይደለም» አለ ዓብዱልሀሚድ።

ሁለቱም ዞረው አዩት። እሱ ባዶውን መጋዘን ነበር የሚያየው።

«ማክሰኞ ብለህ ጻፍ። የሞጆው ሰው ደውሎልኝ ልነግራት ስገባ እጅጌዋን ሰብስባ ጨው ትነሰንስ ነበር። ክንዷን አየሁት።»

ይሄነው ሐሙስን ሰረዘ። እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማል። ዋሲላ ከጧት ጀምሮ ከወንድሟ የደበቀችውን ነገር፣ ልጅቱ በአላህ እያለች የለመነቻትን አሰበችና ልቧ ተሰበረ።

«እንዳየኸው እሷ አታውቅም?» አለችው።

«ታውቃለች» አለ ዓብዱልሀሚድ። «ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ እሷ እጅጌዋን አወረደች፣ እኔም መኪናው ሐሙስ ይመጣል አልኳት።»